ገብስማ

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ከሥጋና ከወተት ጋር አንድ ሌላ ነገር ተውሁ። የፀጉር ቀለም።

ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁትም። የንስሐ አባቴም አላዘዙኝም። 55 ቀን ሳልቀባ ልቆይ፣ ከሥር ምን እንዳለ በዓይኔ ልየው፣ ለፋሲካ ደግሞ እወስናለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተማከርሁ። በቀን ካልገደብሁት መቼም እንደማልጀምረው አውቃለሁ። ስንት ጊዜ "ከጥምቀት በኋላ"፣ "ከእህቴ ልጅ ሠርግ በኋላ"፣ "ክረምቱ ሲገባ" እያልሁ አሳልፌዋለሁ።

ዕድሜዬ 46 ነው። መቀባት የጀመርሁት በ27 ዓመቴ። 19 ዓመት ሙሉ በየአራት ሳምንቱ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ቀደም ብዬ፣ ከ200 ጊዜ በላይ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስደምረው ከ500 ሰዓት ያልፋል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ዝም ብዬ አየሁት።

ፀጉር ቤቷ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ናት። አሁን ያለችው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሠርታኛለች። መጀመሪያ በግንባሬ ጠርዝና በጆሮዬ ዙሪያ ቫዝሊን ትቀባኛለች፣ ቀለሙ ቆዳዬን እንዳይዘው። ከዚያ ጓንቷን ታጠልቅና ክሬሙንና ፈሳሹን በትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ታዋህዳለች። ውህዱ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ እርጎ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል። ፀጉሬን በጅራታም ማበጠሪያ እየከፈለች ከሥሩ ስትቀባኝ ራሴን ቅዝዝ ይለኛል። ወደ ማጅራቴ እስክትደርስ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ጠቁሯል። የአሞኒያው ሽታ ዓይኔን ያስነባኛል። ከዚያ 35 ደቂቃ ቁጭ ነው።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ያ ሳህን ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የፀጉር ውጪኛ ልባስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ አሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። አሞኒያው ያንን ቅርፊት ገልጦ ያነሣዋል። በተከፈተው በኩል በጣም ጥቃቅን የሆኑ፣ ገና ቀለም የሌላቸው ሞለኪውሎች ይገባሉ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይዱ ኦክሲዳይዝ ያደርጋቸዋል፤ እርስ በርስ ይያያዙና ትልልቅ፣ ባለቀለም ሞለኪውሎች ይሆናሉ። አንዴ ካደጉ በኋላ በገቡበት ቀዳዳ መውጣት አይችሉም። በሻምፖ የማይለቀው ለዚህ ነው። ይህን ነገር አብላልቶ ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ የጀመረው ኦዤን ሹለር የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑ 1907 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሎሪያል የምንለው ነው።

ኦክሲዴሽን ሳስተምር ግን ይህን ምሳሌ አንድ ቀን አንሥቼው አላውቅም። ዝገትን ነው የማነሣው። የተቆረጠ ፖም፣ የጠቆረ ሙዝ። የፀጉር ቀለም ካነሣሁ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እርስዎም ይቀባሉ?" ይለኛል ብዬ ስለምፈራ። ጥሩ ምሳሌ ነበር። ለስንት ዓመት ተማሪዎች ነፈግኋቸው።

የመጀመሪያዋን ሽበት ያየኋት እኔ አይደለሁም። የሠርጌ ሰሞን ነው። አልባሶ የምትሠራኝ ሴት ፀጉሬን ከፍላ ስትጀምር እጇን ገታ አደረገች። አክስቴ ጠጋ ብላ አየችና ቤት ሙሉ ሴት በተሰበሰበበት "ኧረ ይች ልጅ ሽበት አላት!" አለች። አንዷ "ንቀይው" አለች። ሌላዋ "ተይ! አንዱን ብትነቅይው ሰባት ሆኖ ይመጣል" አለች። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። የተነገረው እንደ ጉድፍ ነው፣ ቶሎ ተነሥቶ መጣል እንዳለበት።

ሰባት ሆኖ አይመጣም። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ሥር አለው፣ አንዱን መንቀል ጎረቤቱን አያሸብተውም። ደጋግሞ መንቀል ሥሩን ይጎዳዋል እንጂ። ያን ጊዜ ይህን ባውቅም የሚሰማኝ አልነበረም። ከሠርጉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባሁ፣ ከዚያ ወዲህ አላቆምሁም።

ቆይቶ ነው ከአባቴ እንደመጣ የገባኝ። አባቴ በ30 ዓመቱ ራሱ ነጭ ነበር ይባላል። ሐኪሞች ለእኛ ለአፍሪካውያን ከ30 ዓመት በፊት የሚመጣውን ሽበት ነው ያለጊዜው የመጣ የሚሉት። ብዙውን ጊዜ የዘር ነው። የቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም ያመጡታልና መመርመሩ አይከፋም። እኔ ተመርምሬ ምንም የለብኝም።

ሰው ግን "ብስጭት ነው ያሸበተሽ" ማለት ይወዳል። ፈጽሞ ውሸት ነው አልልም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አይጦች ላይ አሳይቶታል፤ ጭንቀት ሲበዛ ነርቮቹ የሚለቁት ኬሚካል ለፀጉር ቀለም ሰጪ ሕዋሳት መጠባበቂያ የሆኑትን አሟጦ ይጨርሳቸዋል። እኔ ግን ሽበቴ የጀመረኝ በሕይወቴ ደስ ያለኝ ሰሞን ነው። የአባቴ ነው፣ በቃ።

እንዲህ ብዬ በቀላሉ የምናገረው ዛሬ ነው። ለማቆም ማሰብ የጀመርሁት በሌላ ምክንያት ነበር። አምና ከጆሮዬ ጀርባ ማሳከክ ጀመረኝ። ከተቀባሁ በሁለተኛው ቀን ይነሣና በሳምንቱ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ግን ዓይኔ ቆብ ድረስ አበጠ፣ ጠዋት ተነሥቼ መግለጥ አቃተኝ። የቆዳ ሐኪሟ ብዙ አልመረመረችኝም፣ ገና ሳወራ ገባት። ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባለው የጥቁር ቀለም ዋና ንጥረ ነገር ነው ብላ ጠረጠረች። ሰውነት አንዴ ከጠላው አይለምደውም፣ እየባሰ ነው የሚሄደው አለችኝ። ከዚያ "ቀድመሽ ትሞክሪዋለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አልሞክረውም ነበር። የእያንዳንዱ ቀለም ማሸጊያ ውስጥ ያለው ወረቀት ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ትንሽ ነገር ቆዳ ላይ ቀብተሽ ጠብቂ ይላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪ ያለ ጓንት አሲድ ከነካ የምቆጣ ሴት ነኝ። ያንን ወረቀት ግን በ19 ዓመት አንድ ቀን አላነበብሁትም። ይህን የምጽፈው የሚቀባ ሰው ካነበበው ብዬ ነው። እባካችሁ ሞክሩት። "አሞኒያ የሌለው" የሚለውም ቢሆን ይኸው ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሂናም አየሁ። አዲስ ዓለም ወርጄ አንዲት እናት ዘንድ ገዛሁ። ንጹሕ ሂና አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ የደረቀ ሣር ሳር ይሸታል፣ ነጭ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ብርቱካናማ ቀይ ነው የሚሆነው። "ጥቁር ሂና" ከሚሉት ግን ተጠንቀቂ አሉኝ ሴትየዋ ራሳቸው፣ "እሱ ላይ ሌላ ነገር ይጨምሩበታል።" ልክ ናቸው። ሂና በራሱ ጥቁር አይሆንም፤ ጥቁር የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ያንኑ እኔን ያሳበጠኝን ኬሚካል ቀላቅለውበት ነው። የገዛሁትን ዱቄት አመጣሁት። እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቀይ መሆን አልፈለግሁም። ጥቁር መሆን ነበር የምፈልገው፣ ወይም ደግሞ የሆንሁትን መሆን።

እናም ሁዳዴ መጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የለም። ግንባሬ ላይ ቀጭን ክር መሰለች፣ በሻሽ ትሸፈናለች። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው የሚያድገው። በአምስተኛው ሳምንት ግን ፀጉሬን ከመሃል ስከፍለው ጣት የሚያህል ነጭ መንገድ ወጣ። መስታወት ፊት ቆሜ በማበጠሪያ ግራና ቀኝ እየከፈልሁ አየሁት። ያሰብሁት ሁሉም ነጭ ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። ከፊት በኩል፣ ከግራ ቅንድቤ በላይ፣ ንጹሕ ነጭ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ጥቁሩ ይበዛል። ማጅራቴ ላይ ጭራሽ ሽበት የለም። ለ19 ዓመት ያልሸበተውንም አብሬ ስቀባው ኖሬያለሁ።

ሽበት ግራጫ ነው እንላለን። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን አብዛኛው ግራጫ አይደለም። የፀጉሩ ሥር ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሜላኒን መሥራት ሲያቆሙ ፀጉሩ ቀለም አልባ ሆኖ ይበቅላል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ይመስለናል። ያ ነጭ ካልነጣው ጥቁር ጎን ለጎን ሲሆን ነው ከሩቅ ግራጫ የሚመስለን። ለዚህ በቋንቋችን የሚያምር ቃል አለ፤ ገብስማ። ቅዳሜ ገበያ ዶሮ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭና ጥቁሩ ላባ ላይ ተረጭቶ የተደባለቀውን ገብስማ ነው የሚሉት። የወንድ ፀጉርም እንዲሁ ይባላል። "ገብስማ ነው፣ ቁመቱ መካከለኛ" ተብሎ ሰው ይፈለጋል። "ገብስማ ናት" ተብሎ ሴት ስትገለጽ ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄው የጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። "ቲቸር፣ አሞዎት ነው?" አለችኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከልቧ አዝና። መምህራን ክፍል ውስጥ "ጾሙ ጎዳሽ መሰለኝ" ተባልሁ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማውቃቸው አንዲት እናት ሳም ሳም አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ሞተብሽ ልጄ? ሳልሰማ ቀረሁ?" አሉኝ። እሳቸውን አልፈርድባቸውም። እዚህ አገር ሴት ፀጉሯን ከተወች ሐዘን አለባት ማለት ነው። ራሳቸውን ጥለው፣ ጥቁር አስረው፣ ዓመት የሚቀመጡ ሴቶች እያየን ነው ያደግነው። ለኔ ምልክቱ ሌላ ነው ብል ማን ያነብልኛል?

መጀመሪያ "አለርጂ ሆኖብኝ ነው" እያልሁ እመልስ ነበር። ሰው ወዲያው ይለሰልሳል። "ውይ! እንግዲያውስ ተይው፣ ጤና ይበልጣል።" አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ካልሁ በኋላ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ። ፈቃድ እየለመንሁ ነው። የታመመች ሴት ብትሸብት ይቅር ይባልላታል፣ ደህና ሴት ግን አይፈቀድላትም ማለት ነው? ከዚያ በኋላ "ትቼው ነው" ማለት ጀመርሁ። ዝምታው ረዘም ይላል። ግን እውነቱ እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ለሚደገስ ሠርግ የጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ይልካል ተባለና ሰዎች ለባለቤቴ መጡ። ባለቤቴ 49 ዓመቱ ነው፣ ጆሮ ግንዱ ነጭ ሆኗል፣ ተቀብቶ አያውቅም። ቡና እያፈላሁ እሰማለሁ። "አንተ ሽበትም ይዘሃል፣ ቃልህ ይከበርልናል፣ ግባልን" አሉት። ደስ ብሎት ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ። ልጅቱን አገኙላቸው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ጀበናውን ይዤ ቆሜ አሰብሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት ሽበት። እሱን ለሽምግልና አስጠራው። እኔን "አሞሽ ነው?" አስባለኝ።

ቃሉ ራሱ ይነግረናል። ሽማግሌ ስንል ዕድሜ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ነው፣ ሥልጣን ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ልጅ ይጠይቃል፣ እርቅ ያወርዳል። አርባ ዓመት ያልሞላውም ሽማግሌ ሆኖ ይላካል። ለሴቷ የተረፈው አሮጊት ነው። አሮጊት ከአሮጌ ጋር አንድ ነው። አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ወንበር እንደምንለው። አስታራቂ ሴቶች የሉም ማለቴ አይደለም። እኔ የማውቃቸው አሉ፣ ባልና ሚስት ሊፋታ ሲል ሌሊት የሚጠሩ። ስም ግን አላወጣንላቸውም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ሁልጊዜ የማየው ጣሪያውን ነበር፣ እነዚያን ዓይናቸው የተከፈተ ጥቁር ፀጉር መላእክት። ሰው ሁሉ እነሱን ነው የሚያየው። ዘንድሮ በሁዳዴ አንዱ እሑድ ግን ዓይኔ በመቅደሱ በኩል፣ ከስቅለቱ በላይ ወዳሉት ሄደ። ሥላሴ። ሦስቱም አንድ መልክ፣ ሦስቱም ሽማግሌ፣ ሦስቱም ፀጉርና ጺማቸው ነጭ። የእኛ ሠዓሊዎች ከሁሉ በላይ የሆነውን ሊያሳዩ ሲፈልጉ ሽበት ነው የሰጡት። ከታች እመቤታችን ቆማለች፣ ራሷ እስከ ግንባሯ የተሸፈነ። ለረጅም ጊዜ እዚያ ቆሜ ቆየሁ። ጥያቄ ነው ያለኝ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

የከተማችን ኩራት የሆኑት ሴትም ትዝ አሉኝ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። እኛ ግን የምናውቃቸው ምንትዋብ ብለን ነው፣ እንዴት ያማረች እንደ ማለት። ከ1730 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር አስተዳደሩ፣ ቁስቋምን አሠሩ፣ በ1773 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ቁስቋም አረፉ። ከ40 ዓመት በላይ ነው። ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረዋል። መቼም ሳይሸብቱ አልቀሩም። ተማሪዎች ይዤ ስንት ጊዜ ቁስቋም ወጥቻለሁ፣ ስለ ውበታቸው ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። ስለ ሸበቱት ምንትዋብ፣ ሁሉን ቀብረው ቁስቋም ላይ ስለተቀመጡት ሴት፣ አንድ ቀን አላነሣሁም።

ፀጉር ሠሪዬን በአርባኛው ቀን ይሁን በአርባ አምስተኛው መንገድ ላይ አገኘኋት። "ቲቸር ጠፋሽ!" አለች። በሁዳዴ ሥራ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሉም ሴት ለፋሲካ ነው የሚያስበው። ከኔ የምታገኘው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ነገርኋት። አዘነች፣ ግን ወዲያው ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየች፣ እንደ ባለሙያ። "ከፊት ያለው ቆንጆ ነው እኮ። ጫፉን እያሳጠርን እንሂድ፣ መሃሉ ላይ ያለው መስመር ቶሎ እንዲጠፋ" አለችኝ። ፀጉሬ እስከ ትከሻዬ ነው፣ ሳልቆርጥ ብጠብቅ ሁለት ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። እየቆረጥን ከሄድን ዓመት ይበቃል። ስለ ሁሉም ነገር ከተጠየቅሁት ጥያቄ ይልቅ የሷ ያ መልስ ነው ያበረታኝ።

እስካሁን ያልነገርኋችሁ ከባዱን ነው። እናቴን።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ቀሐ ኢየሱስ ሰፈር ነው የምትኖረው። የደብረ ዘይት እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ነጠላዬ ወረደብኝና አየችው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ "ምን ነው ልጄ፣ ገንዘብ አጣሽ?" አለች። የለም እማዬ፣ ትቼው ነው አልሁ። ፊቷ ተለወጠ።

"እኔ ቆሜ አንች ሸበትሽ ሊሉኝ ነው?"

እኔ የተዘጋጀሁት ለሌላ ነገር ነበር። "ባልሽ ምን ይላል"፣ "ሰው ምን ይላል" ትላለች ብዬ። እሷ ግን ስለ ራሷ ነው የተናገረችው። "ሰው አንችን አይቶ የኔን ዕድሜ ይቆጥራል" አለች። "ልጇ እንዲህ ከሆነች እሷማ አለቀላት ይላሉ። እኔ የወለድሁሽ ልጅ ነሽ እኮ። ልጅ ናት እያልሁ ነው የምኖር።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም አፌ ተያዘ።

ያን ቀን ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ሌላው ሁሉ ክርክር ትንሽ መሰለኝ። የተማሪውን፣ የመምህራኑን፣ የሽማግሌውን ነገር መመለስ እችላለሁ። ይህን ግን በምን እመልሰዋለሁ? የኔ ጥቁር ፀጉር ለካ የኔ ብቻ አልነበረም። እናቴ በሱ ውስጥ አንድ ነገር አስቀምጣ ነበር። እኔ ጥቁር እስከሆንሁ ድረስ እሷም ገና ወጣት ልጅ ያላት ሴት ናት። ስንቶቻችን ነን ለሌላ ሰው ዕድሜ ብለን የምንቀባ? ለእናት፣ ለባል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ስናደርስ "አያትህ ናት?" እንዳይባል ለልጅ። አሁን እኔ በሰው ላይ መፍረድ የማልችለው ለዚህ ነው። የምትቀባ እኅት ካለች ትቀባ፣ ምክንያቷን እሷ ታውቃለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ልቀባ ነው፣ አልቀባም ስል ሰነበትሁ። ሂናውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ መልሼ አስገባሁት። ለእናቴ ስል ብቀባ ምን አለበት? በዓመት ውስጥ ስንት ነገር ለሷ ብዬ አደርጋለሁ። ግን ደግሞ እሷ 72 ናት፣ እኔ 46፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠንና ገና ብዙ ዓመት አብረን እንኖራለን። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የማላረጅ መስዬ ልኖርላት? እሷም የማታረጅ ልጅ ያላት መስላ ልትኖር? አንዳችን ስንደክም ማን ያየናል?

ቅዳም ስዑር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። እግሯን ስለሚያማት ዘንድሮ አልወጣችም። ሌሊቱን አክፍላ ነው ያደረችው፣ ድምፅዋ ደክሟል። ቄጤማውን አየችና ፊቷ ፈካ። "ነይ ላስርልሽ" አለች። ልጅ ሆነን እንደምታደርገው ነው። ከፊቷ ዱካ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጀርባዬን ጉልበቷ ላይ አስደግፌ። ነጠላዬን ራሷ ገለጠችው።

እጇ ቆመ።

ከዚያ ግንባሬ ላይ ያለውን ነጩን በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ዳሰስ አደረገችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ጣቷ ሻካራ ነው። "አባትሽ ከዚህ ነው የጀመረው" አለች። "ስንጋባ እዚች ላይ እንደ ሳንቲም ነጭ ነበረችው። እናቴ ሽማግሌ አመጣችሁብኝ ብላ ተቆጥታ ነበር።" ትንሽ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን ነግራን አታውቅም።

ቄጤማውን በግንባሬ ዙሪያ አዞረችውና ከኋላ ቋጠረችው። እኔም ተራዬን ተነሥቼ ለሷ ላስርላት ሻሿን ፈታሁት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው፣ በቀጭን ሹሩባ ተሠርቶ፣ ሥሩ ላይ የራስ ቅሏ ቆዳ ይታያል። የእናቴን ራስ ሳይሸፈን በብርሃን ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው? አላስታውስም። አረንጓዴው ቄጤማ ነጩ ላይ በጣም ያምር ነበር። አልነገርኋትም፣ ድምፄ ይሰበራል ብዬ።

"ለዳግማይ ትንሣኤ ሂናውን ታደርጊያለሽ አይደል?" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

"አላደርግም፣ እማዬ።"

ዝም አለች። ውጪ የሰፈሩ ልጆች ይጫወታሉ። በግቢው ጥግ ለነገ የገዛሁት ዶሮ እግሩ ታስሮ ይጯጯሃል።

"እንግዲያው ማኅበር የኔ ቤት ሲሆን ሻሽ አስረሽልኝ ነይ።"

"እሺ።"

ዞር ብላ አየችኝ። ቄጤማው ጆሮዬ ላይ ወርዶ ነበርና በሁለት ጣቷ አንሥታ አስተካከለችው።

"ገብስማ ሆነሻል" አለችና ሽንኩርቱን ልትከትፍ ተነሣች።